የዕንቁ እንከን

የቤታችን ሰዎች አክስቴን ሊሸጧት መሆኑን የሰማሁት የፊት ጥርሴ በወለቀበት ሳምንት ነው። ሌላ ሰው ነግሮኝ ቢሆን አላምንም ነበር። ግን በገዛ ጆሮዬ፣ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ በተሰቀለው የእናቴ ካፖርት ውስጥ ተሸጉጬ ነው የሰማሁት።

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከእናቴ፣ ከአያቴና ከእናቴ ታናሽ እህት ጋር አንድ አሮጌ ፎቅ ቤት የመጨረሻው ደርብ ላይ እንኖር ነበር። ጣሪያው ስለሚያፈስ ዝናብ በመጣ ቁጥር የእናቴ አልጋ ከግድግዳ ግድግዳ ይሰደዳል። አያቴ ጉልበቱን የጨረሰው መንገድ ሥራ ላይ ድማሚት ሲያፈነዳ ነው። ጆሮው በዚያው ስለቀረ ሹክ አልኩ ብሎ የሚያወራውን የታችኛው ደርብ ሰዎች ሳይቀሩ ይሰሙታል። አክስቴ ደግሞ ታፔላ ጸሐፊ ነበረች። መሰላሏን በትከሻዋ፣ የቀለም ጣሳዎቿን በእጇ አንጠልጥላ ከሱቅ ሱቅ ስትዞር ትውላለች። ማታ ስትመለስ ጥፍሯ ላይ ባለው ቀለም የየትኛውን ሱቅ ስም ስትጽፍ እንደዋለች እገምታለሁ። ቤት ውስጥ የሚጠሯት ዕንቁ ብለው ነበር።

እኔን የሚጠሩኝ ሬዲዮ ብለው ነው። ምክንያቱን ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

"ዕንቁን ወርቅ ሠሪው ቅዳሜ መጥቶ ይወስዳታል። ተስማምተናል" አለ አያቴ፣ በሹክሹክታ ያወራ መስሎት ብርጭቆውን ሁሉ እያንቀጨቀጨ።

"አባዬ፣ ቀስ በል! ወስዶስ ምን ያደርጋታል?"

"ለአራት ይቆርጣታላ! ትልቁ ቁራጭ ለአንገት፣ ትንንሾቹ ለቀለበት።"

ካፖርቱ ውስጥ አፌን በእጄ ያዝኩ።

"አንዴ ከተቆረጠች እኮ መልሰን አንገጥማትም" አለች እናቴ። "መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይያት። ሙዚየሙ ውስጥ አንድ ባለሙያ አለ አሉ፤ ቤት ድረስ ይመጣል። ምን እንደሆነች፣ ዋጋዋም ምን ያህል እንደሆነ ይንገረን።"

"ምን እንደሆነችማ ከኔ በላይ ማን ሊያውቅ ነው! ከተራራ ሆድ ውስጥ በእነዚህ እጆቼ ያወጣኋት እኔ!"

ልጅ ከሆድ እንደሚወጣ ሰምቼ ነበር። አክስቴ ከተራራ ሆድ መውጣቷን ግን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። የጸጉሯ ነገር፣ ማበጠሪያ የሚሰብረው ነገር፣ በዚያች ቅጽበት ግልጽ ሆነልኝ።

"ይሁን፣ ይምጣ" አለ አያቴ በመጨረሻ። "ግን ያቺ ሬዲዮ እንዳትሰማ! እሷ ከሰማች ነገ ሰፈሩ ሁሉ በራችን ላይ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። አያቴ አልጋ ሥር፣ በሚቆለፈው ሣጥኑ ውስጥ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ አረንጓዴ ድንጋይ ነበረ። አያቴ አንድ የተራራ ወገብ አፈንድቶ ጭሱ ሲበተን ፍርስራሹ ውስጥ ሲያብለጨልጭ ያገኘው ነው። ቤቱ ሲመለስ ሁለተኛ ሴት ልጁ ተወልዳ ጠበቀችው። ደስታው ተደራርቦበት ለሁለቱም አንድ ስም አወጣላቸው። ሌባ እንዳይሰማ ብለው ስለ ድንጋዩ ከቤት ውጭ ትንፍሽ አይሉም፤ እኔ ደግሞ ለነሱ ከሌባው የባስኩ ነበርኩ። ስለዚህ እኔ የማውቀው አንዷን ዕንቁ፣ መሰላል ላይ ቆማ የዘፈን ግጥም እያበላሸች የምትዘፍነዋን ብቻ ነበር።

በማግስቱ መሰላሏን ይዤላት ቆምኩ። የጫማ ቤት ታፔላ እየጻፈች ነበር።

"ዕንቁ" አልኳት ከታች፣ "ሰው ለአራት ሲቆረጥ በጣም ያመዋል?"

"ጣትሽን ቆረጥሽ እንዴ?"

"አይ። እንዲሁ ነው የጠየቅሁት።"

"ለአራትማ ከተቆረጠ መጀመሪያው ላይ ነው የሚያመው፤ ከዚያ በኋላ አይሰማውም" ብላ ሳቀችና "ጫማ" የሚለውን ጨርሳ ሌላ ዘፈን ጀመረች። ምንም እንደማታውቅ ገባኝ። የሚሸጥ ሰው እንዲህ አይዘፍንም።

ባለሙያው የመጣው ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲራመድ ጫማው ሲጥ ሲጥ የሚል ሰው ነበር። አንገቱ ላይ በክር የታሰረ አጉሊ መነጽር ተንጠልጥሏል፤ በእጁ የሐኪም የሚመስል ቦርሳ ይዟል። እናቴ እኔን "ዳቦ ግዢ" ብላ ላከችኝ። ዳቦ ቤቱ ታች ደጃፋችን ላይ ስለሆነ ወርጄ፣ ገዝቼ፣ ተመልሼ የአያቴ ክፍል ቁልፍ ቀዳዳ ላይ ዓይኔን እስክተክል ገና ሰላምታ እየተለዋወጡ ነበር። በቀዳዳው የሚታየኝ የባለሙያው ጀርባና የአክስቴ አረንጓዴ ሸሚዝ ብቻ ነው።

"እስቲ ወደ መስኮቱ አቅርቧት" አለ ባለሙያው። ሸሚዙ ወደ መስኮቱ ሄደ። "አቤት! አረንጓዴዋ እንዴት ያምራል! እንዲህ ዓይነቷን በመጽሐፍ ካልሆነ አይቼ አላውቅም።"

"አልነገርኩህም!" አለ አያቴ።

"አባት፣ ቅር ካላልዎት ከማይታይ ቦታ ላይ በመርፌ ጫር ላድርጋት?"

"አድርጋት! እሷን መርፌ አይደፍራትም!"

ጩኸት ጠበቅሁ። እኔ ለክትባት ሰፈር የማናጋ ልጅ ነኝ። ዕንቁ ግን ጭራሽ ሳቀች፤ "እጅህ ይንቀጠቀጣል እኮ" ስትለው ሰማሁ። በጀግንነቷ ኮራሁ።

ከዚያ የባለሙያው ጀርባ ጎንበስ ብሎ ቀረ። ምክንያቱ ያን ጊዜ አልገባኝም። ባለሙያው በኋላ እንደነገረኝ፣ መርፌው የተወውን ነጭ ጭረት በመነጽሩ ያየው በዚያ ቅጽበት ነው። ኤመራልድን፣ ያንን ውድ አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ፣ መርፌ አይጭረውም። አያቴ ዕድሜ ልኩን ኤመራልድ ብሎ ያቀፋት ድንጋይ ኤመራልድ አልነበረችም፤ ያን ደግሞ ለዚያ ፊቱ ለሚያበራ ሽማግሌ እንዴት ብሎ ይንገረው? ስለዚህ ጊዜ ለመግዛት፣

"እስቲ ደግሞ ውሃ ውስጥ ነክረን እንመዝናት" አለ።

አክስቴ ባልዲ ልታመጣ ስትወጣ ሮጬ ካፖርቱ ውስጥ ገባሁ። የነከሩት ከድንጋዩ የረገፈች ትንሽ ፍሬ ነበር አሉ፤ በክር አንጠልጥለው በትንሽ ሚዛን። እኔ ግን አክስቴ ባልዲውን ልትመልስ ስትወጣ እጅጌዋ እስከ ክንዷ ርሶ አየሁ። ሌላ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? መልሼ ጆሮዬን በሩ ላይ ስለጥፍ አያቴ፣

"እንከን አለባት?" ሲል ሰማሁት።

"አይጠፋባትም።"

"እንከን ካለባት ዋጋዋ ይወርዳል?"

"ይወርዳል እንጂ። በጣም ከበዛባት የሚገዛም አይገኝ። ለማንኛውም መጽሐፎቼን አገላብጬ ሐሙስ መልሱን ይዤ እመጣለሁ።"

ከዚህ በላይ መስማት አላስፈለገኝም። የአክስቴን እንከን ከኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?

ባለሙያው ደረጃውን ሲጥ ሲጥ እያለ ሲወርድ ተከትዬው ሮጥኩ። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ደረስኩበት።

"ጋሼ! ዕንቁን አይውሰዷት!"

ዞር አለ። በግንባሩ ላይ የጭንቀት ላብ ነበረ። "አንቺ ማነሽ? ማን ነገረሽ?"

"ሁሉንም ሰምቻለሁ። ወርቅ ሠሪው ለአራት ሊቆርጣት ነው።"

"እሱማ መሆን የለበትም" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እሷ ለመቆረጥ የተፈጠረች አይደለችም። መጋዝ ከነካት ትፈርሳለች።"

ማልቀስ ጀመርኩ። ደንግጦ ጎንበስ አለ። "አይዞሽ፣ አይዞሽ። አያትሽ ከፈቀዱ ሙዚየም ትገባለች። መስታወት ውስጥ ትቀመጣለች፤ ማንም አይነካትም፤ ሰው ሁሉ እየመጣ ያያታል።"

አክስቴን መስታወት ውስጥ አሰብኳት። ዝም ብላ መቀመጥ የማይሆንላት ሰው! እንባዬን ጠርጌ ወደ መጣሁበት ጉዳይ ገባሁ።

"እንከኗን ግን ሁሉንም አላዩም።"

"አዎ፣ ገና በደንብ አላጣራሁም።"

"በጣም ከባድ ናት።" አንዴ አዝላኝ ደክሟት ተራው ያንቺ ነው ብላ ጀርባዬ ላይ ልትወጣ ሞክራ ታውቃለች።

"እውነትሽን ነው። ከጠበቅሁት በላይ ከባድ ሆና ነው ያገኘኋት" አለ ራሱን እየነቀነቀ።

"ከሥሯ ጠፍጣፋ ናት። ጫማ ሲገዛላት ያስቸግራል" ብዬ ልቀጥል ስል፣

"አይቻለሁ፤ ከሥሯ ጠፍጣፋ መሆኗ ጥሩ ነው፤ አትንገዳገድም" ብሎ አቋረጠኝ።

ሰውየው አልፈራም። ከባዱን ማውጣት ነበረብኝ።

"ታንኮራፋለች።"

ባለሙያው ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። "ማን ናት የምታንኮራፋው?"

"ዕንቁ ነቻ! አክስቴ! ግድግዳውን አልፎ ይሰማል።"

ቀና ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ ደርባችን መስኮት አየ። አክስቴ እዚያ የራሰ እጅጌዋን እየጠመዘዘች ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ የዳቦ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ጭንቀት የት እንደሄደ አላውቅም።

"እንዲህ ከሆነ" አለኝ እጅግ በቁም ነገር፣ "እንከኗን ሁሉ ብትነግሪኝ ነው የሚሻለው።"

ነገርኩት። ጠዋት ጠዋት ማንም ሲያናግራት እንደምትቆጣ፣ ግን ፊቷን ከታጠበች በኋላ እንደሚለቃት ነገርኩት። ቆማ እንደምትበላ፣ ቁልፍ እንደምትጥል፣ ደስ ሲላት እንደምታለቅስ ነገርኩት። ከሁሉ የባሰውን መጨረሻ ላይ አወጣሁት፦ የተሳሳተ ፊደል ያለበት ታፔላ ካየች ማለፍ አትችልም። የማታውቀው ሰው ሱቅ ቢሆን እንኳ መሰላሏን ዘርግታ ካላስተካከለች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ አንድ ፋርማሲ እንዲያውም ዘበኛ ጠርቶባታል።

"ይሄ" አለ ባለሙያው፣ "በጣም ከባድ እንከን ነው።"

"ታዲያ አይገዟትም አይደል?"

"ለመወሰን ደጋግሜ መምጣት ይኖርብኛል" አለና ተነሥቶ እንደ ትልቅ ሰው ጨበጠኝ። ጫማው ሲጥ ሲጥ እያለ ሲሄድ ድሉ የኔ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ መጣ። እናቴ ዳቦ ግዢ ብትለኝ ቤቱ በዳቦ ሞልቷል ብዬ እምቢ ስላልኩ ክፍሌ ውስጥ ዘጋችብኝ። የኔ ክፍልና የአያቴ ክፍል የሚለየው ግን ስስ ጣውላ ነው።

"አባት" አለ ባለሙያው፣ "ልዋሽዎት አልችልም። ዕንቁ ኤመራልድ አይደለችም።"

አያቴ ጆሮው ስለደከመ መስማቱን ተጠራጠርኩ። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሹክሹክታ ይመስለኛል፣ "ምን አልክ?" አለ።

"ኤመራልድ ቢሆን መርፌው አይጭራትም ነበር። ክብደቷም የኤመራልድ አይደለም። ይቺ ዳዮፕቴዝ የምትባል ናት፤ መዳብ ባለበት ዐለት ስንጥቅ ውስጥ ነው የምትበቅለው። እርስዎ ብቻ አይደሉም የተሳሳቱት፤ አዋቂ የተባሉ ሰዎችንም መልኳ አታሏቸዋል።"

"እንግዲያ… ዝም ብላ ድንጋይ ናት?"

"ለቀለበት አትሆንም። ወርቅ ሠሪው መጋዙን ሲያስነካት እንደ ስኳር ትበታተናለች…"

መጋዝ የሚለውን ስሰማ የዘጋችብኝን በር ረስቼ በመስኮት ወደ ሰገነቱ ወጣሁ፤ ከዚያ በአያቴ መስኮት ገባሁ። እናቴ እሪ አለች። እኔ አክስቴ ወገብ ላይ ተጠምጥሜ፣

"አክስቴን ማንም በመጋዝ አይነካትም! ድንጋይም አይደለችም! ብታንኮራፋም የኛ ናት!" እያልኩ ጮህኩ።

ቀና ስል አልጋው ላይ፣ በተዘረጋው ብርድ ልብስ መሃል አየኋት። ሁለት ጡጫ የሚያህል ሻካራ ቡናማ ዐለት፤ ጀርባው ላይ ደግሞ እጅብ ብለው የበቀሉ አረንጓዴ ፍሬዎች፣ እያንዳንዳቸው ጫፋቸው የሾለ። ከመስኮቱ የገባው ፀሐይ ውስጣቸው ገብቶ መውጫ የጠፋው ይመስል ነበር።

"ይቺ ማናት?" አልኩ።

"ዕንቁ" አለ አያቴ።

መጀመሪያ የገባት እናቴን ነው። ቀጥሎ አክስቴ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ በሳቅ እንባዋ ይፈስ ጀመር። አያቴ ግራ ተጋብቶ አንዴ እኔን፣ አንዴ ድንጋዩን፣ አንዴ ልጁን ሲያይ ቆየና ፈንድቶ እስኪያስለው ሳቀ። ለብዙ ዓመት በኔ የሳቀ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ እንደነገረችኝ ግን፣ በመስኮቱ በገባሁበት ቅጽበት አያቴ ድንጋዩን በብርድ ልብሱ መልሶ ሊሸፍነው ነበር። ሳቁ ባይደርስለት ያን ቀን ማንንም የሚያናግር አልነበረም።

ሳቁ ሲበርድ ባለሙያው ያላለቀ ነገሩን ጨረሰ።

"ለአራት ከተቆረጠች ዋጋ የላትም። እንዲህ እንዳለች፣ ከነዐለቷ፣ ትልልቅ ፍሬዎቿ አንድም ሳይሰበሩ ግን… እኔ በእጄ ይዤ አላውቅም። ሲያፈነዱ እንዴት እንደተረፈች አይገባኝም።" ከዚያ ሙዚየሙ የሚከፍለውን ተናገረ። አያቴ ሁለት ጊዜ አስደገመው፤ መጀመሪያ ስላልሰማ፣ ቀጥሎ ስለሰማ።

"አንድ ነገር ልጨምር" አለ ባለሙያው ጆሮው እየቀላ። "ባሕር ማዶ ለእንዲህ ዓይነቷ ከኛ የበለጠ የሚከፍሉ ሰብሳቢዎች አሉ። ይህን ደብቄዎት ብወስዳት ሌባ ነኝ።"

አክስቴ ሳቋን አቁማ ሰውየውን በደንብ ያየችው ያኔ ነው። እኔ ወገቧ ላይ ስለነበርኩ አንገቷ ሲዞር ተሰምቶኛል።

አያቴ ድንጋዩን አነሣ፤ በመስኮቱ ብርሃን አገላበጠ። "ሰብሳቢው ወስዶ ምን ያደርጋታል?"

"ቤቱ ያስቀምጣታል።"

"እንደ እኔ፣ ሣጥን ውስጥ?" አለ አያቴ። "በቃ፣ ሙዚየም ትግባ። ዕድሜዬን ሙሉ ደብቄያታለሁ። አሁን ደግሞ ለሰው ላሳያት።"

ወርቅ ሠሪው ቅዳሜ መጥቶ ሻይ ጠጥቶ ሄደ። ጣሪያው ተሠራ፤ የእናቴ አልጋም ቦታው ጸና። አያቴ ሙዚየሙ በተከፈተ ቁጥር መስታወቱ አጠገብ ወንበር ይዞ ይቀመጥ ጀመር። ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ "ኤመራልድ እንዳይመስልህ! ዳዮፕቴዝ ናት!" እያለ ሲጮህ እስከ ደጅ ይሰማ ነበር። እውነቱ ያሳፍረዋል ብለን የፈራነው ሰው፣ ከድሮው ስሟ ይልቅ አዲሱን ስሟን ወደደው።

ባለሙያውም ቃሉን ጠብቆ ደጋግሞ መጣ። መጀመሪያ የረሳውን መርፌ ሊወስድ መጣ፤ ከዚያ መርፌው የሱ አለመሆኑን ሊናገር መጣ። አንድ ቀን ደግሞ ለአክስቴ፣ በጣም የሚያሳፍር ነገር እንደ ሆነባቸው፣ የሙዚየሙ ታፔላ ላይ ከ"ሙ" ጎን የምትወጣው ጭረት ጠፍታ ቤቱ "መዚየም" ሆኖ እንደተቀመጠ ነገራት። አክስቴ ምሳዋን እንደ ቆመች ትታ መሰላሏን አነሣች፤ ቤት የተመለሰችው ሲመሽ ነው።

ዛሬ ያ ሰው አጎቴ ነው። ጸጉሩ ነጥቷል፤ ጫማው አሁንም ይጮኻል። ባለፈው ጊዜ ቤታቸው ተሰብስበን ስናወራ የዳቦ ቤቱን ደረጃ አነሣን፤ አክስቴ ማንኮራፋቷን ለማያውቁት ሰው መናገሬን ስትሰማ ትራስ ወረወረችብኝ። አጎቴም ጨዋታው ሞቅ ሲልለት ጊዜ ተናዘዘ፤ ያቺን የ"ሙ" ጭረት በንጋት ወንበር ላይ ወጥቶ በምላጭ የፋቃት ራሱ ነው።

ሁላችን አክስቴን አየናት። ሌላ ትራስ የምታነሣ መስሎን ነበር።

"ያን ቀን መሰላሉን ስዘረጋ ፍቅፋቂው መሬት ላይ ነበር" አለች ተረጋግታ። "ምላጩም መስኮቱ ደፍ ላይ።"

አጎቴ አፉን ከፈተ። "አውቀሽ ነበር? ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንተ ሰው፣ እኔ ስንት ዓመት ታፔላ ጽፌያለሁ" አለችው። "አንዲት ጭረት ለመቀጠል እስኪመሽ መሰላል ላይ የሚቆም ጸሐፊ የት አይተህ ታውቃለህ?"